ብረት የሌለበት መቀርቀሪያ

የሳጥን ክዳን የሚከፈተው ወደ ላይ ነው። የሚይዘው ነገር ግን ወደ ላይ መሄድ የለበትም፤ ወይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ወይ ወደ ፊት ይለጠጣል፣ ወይ ይዞራል። የሳር ቤት በር መወርወሪያም ሆነ የመኪና በር መቀርቀሪያ የሚሠሩት በዚሁ አንድ ሐሳብ ነው፤ በሩ ሊሄድ በሚፈልግበት መንገድ ላይ፣ በዚያ መንገድ መሄድ የማይችል ነገር ይደነቀራል። የሚገፋው ሰው ምንም ያህል ቢበረታ ጉልበቱ መቀርቀሪያውን ወደሚከፈትበት አቅጣጫ አይወስደውም። አንዲት ጣት የምታንቀሳቅሰው ቀጭን ምላስ፣ አንድ ጎልማሳ በሁለት እጁ ታግሎ የማይከፍተውን ክዳን ይዛ የምትውለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ምዕራፍ ይህን ሥራ ለእንጨት እንሰጠዋለን። የምንሠራለትም የመሮና የሞረድ ማስቀመጫ ሳጥን ይሁን፤ ርዝመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከአንድ ስንዝር እምብዛም ያልበለጠ፣ በእጅ ተንጠልጥሎ ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ የሚሄድ።

ለምን ከእንጨት? ለጌጥ አይደለም። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ የብረት መቀርቀሪያ ብዙውን ጊዜ ራሱ አይሰበርም፤ የሚነቀለው ብሎኑ ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ኮምፔርሳቶ ውስጥ የገባ አጭር ብሎን እንጨቱን የሚጨብጠው በጥቂት ጥርሶቹ ብቻ ነው። ሳጥኑ ሲነሣና ሲቀመጥ፣ በመኪና ሲናጥ፣ ጥርሶቹ የጨበጡትን እንጨት እየፈጩ ይሄዳሉ። ቀዳዳው ይሰፋል፣ የክብሪት እንጨት ይወተፍበታል፣ ተመልሶ ይነቀላል። የእንጨት መቀርቀሪያ ግን በሰፊ ገጽ በኮላ ይጣበቃል፤ ጭነቱም በአንዲት ቀዳዳ ላይ መውደቁ ቀርቶ በመላው ገጽ ላይ ይከፋፈላል። ቢያረጅ ደግሞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሌላ ይሠራለታል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው የቱታንካሙን መቃብር በሳጥን የተሞላ ነበር። ከእነዚያ ሳጥኖች ብዙዎቹ የሚዘጉት በሁለት ጉጦች ነው፤ አንዱ ጉጥ ክዳኑ ላይ፣ ሌላው የሳጥኑ ጎን ላይ ይተከላል። ገመድ በሁለቱ ዙሪያ ይጠመጠምና በቋጠሮው ላይ ጭቃ ተለጥፎ ማኅተም ይረገጥበታል። ከ3,300 ዓመት በፊት የነበረ አናጺ ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየቱን እዚህ ላይ እናያለን። ገመዱ ክዳኑ በጉዞ ላይ እንዳይከፈት ይይዛል፤ ሌባ ግን አያስቆምም። ሌባው መክፈቱን የሚያጋልጠው ማኅተሙ ነው። ሌባን ለማስቆም ግብፆች ሌላ ዕቃ ነበራቸው፤ በመወርወሪያው ላይ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች ውስጥ በራሳቸው ክብደት የሚወድቁ የእንጨት ችንካሮች፣ እነርሱንም ከታች ወደ ላይ የምታነሣ ጥርሳም የእንጨት ቁልፍ። አሜሪካውያኑ ሊነስ ዬል፣ አባትና ልጅ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በብረት አሳንሰው የሠሩት ቁልፍ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ዛሬ በየኪሳችን ያለው የበር ቁልፍም የዚያ ዘር ነው።

የኛ ሳጥን ጥያቄ የመጀመሪያው ነው። ክዳኑ ሳጥኑ ቢገለበጥ እንኳ እንዳይከፈት እንጂ ሌባ እንዲያስቆም አንፈልግም። ይህ ከተለየ ሥራው በግማሽ ይቀልላል።

አሁን ወደ እንጨቱ። ብረት ከየትኛውም ወገን ቢጎተት ጥንካሬው ያው ነው ማለት ይቻላል። እንጨት እንዲህ አይደለም። ዛፍን የሚያቆሙና ውኃውን ከሥር ወደ ቅጠል የሚያሳልፉ ረጃጅም ሕዋሳት ጎን ለጎን ተጣብቀው የቆሙበት አካል ነው፤ አናጺ ቃጫ የሚለው እነርሱን ነው። ቃጫውን ተከትሎ የሚጎትት ኃይል ሕዋሳቱን ራሳቸውን መበጠስ አለበት። ከጎን የሚጎትት ኃይል ግን ያጣበቃቸውን ነገር ማላቀቅ ብቻ ይበቃዋል። በብዙ ዓይነት እንጨት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ20 እጥፍ በላይ ነው።

ይህን በዓይን ማየት የፈለገ ሰው ያረጀ የብራና መጽሐፍ ገበታ ይመልከት። ገበታዎቹ በአብዛኛው ከዋንዛ ወይም ከወይራ የሚጠረቡ ስስ ጣውላዎች ናቸው፤ ከዘመን ብዛት ሲሰነጠቁም ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች በቃጫው መስመር ነው እንጂ አግድም አይደለም። ጠጋኙ በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀዳዳ ይበሳና በክር ወይም በጅማት አግድም ይሰፋዋል። ያ ስፌት ለእንጨቱ የጎደለውን ነገር ሰጠው፤ በጎን በኩል የሚይዝ ቃጫ። በየገዳሙ እንዲህ የተሰፉ ገበታዎች አሉ፤ ለእኔ ስለ እንጨት ከተጻፈ ብዙ ነገር ይልቅ የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው። መቀርቀሪያ ሲነደፍ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የእንጨቱ ዓይነት አይደለም፤ ጭነቱ በየት በኩል እንደሚመጣና ቃጫው በየት በኩል እንደሚሄድ ነው። ሁለቱ በአንድ መስመር ከሆኑ ከወዳደቀ ቁራጭ የተሠራ መቀርቀሪያ ዓመታት ያገለግላል። አንዱ ሌላውን ካቋረጠ ግን ምርጡ ወይራ እንኳ በመጀመሪያው ቀን ይሰነጠቃል።

በዚህ ሕግ የምንሠራው ዋናው መቀርቀሪያ የሚለጠጠው ምላስ ነው። ከሳጥኑ ፊት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቀጭን እንጨት ይሁን። እግሩ ከሳጥኑ ጋር ተጣብቋል፤ ራሱ ነጻ ነው። ከራሱ ወደ ውስጥ የዞረ ጥርስ አለው፤ ጥርሱም በክዳኑ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈች 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ከወጣች ከንፈር በላይ ያርፋል። ክዳኑ ሊነሣ ሲል ከንፈሯ ጥርሱን ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ምላሱም ከራስ እስከ እግሩ ይጎተታል፤ ይኸውም በቃጫው ርዝመት፣ እንጨት በሚበረታበት አቅጣጫ። ለመክፈት አውራ ጣት ራሱን ወደ ፊት ሳብ ታደርገዋለች፤ ምላሱ ይለጠጣል፣ ጥርሱ ከከንፈሯ ይላቀቃል።

እንጨት እንዴት እንደ ሞላ ይሠራል? ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1676 የመለጠጥን ሕግ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ፊደሎቹን አዘበራርቆ አሳተመው፤ ፍቺውን የገለጸው በ1678 ነው። የሚለጠጥ ነገር የሚለጠጠው በተጫነው ኃይል ልክ ነው፤ ኃይሉ እጥፍ ቢሆን መለጠጡም እጥፍ ይሆናል፣ ኃይሉ ሲነሣም ወደ ቦታው ይመለሳል። ሁክ ይህን ስለ ብረት ሽቦ ብቻ አላለም፤ እንጨትንም፣ አጥንትንም፣ ፀጉርንም ቆጥሯል። ወሰን ግን አለው። እንጨት ሲታጠፍ ውጫዊ ገጹ በርዝመቱ ከ100 አንድ እጅ ገደማ ሲለጠጥ ይሰበራል፤ ሳይጎዳ ዘወትር የሚችለው ከዚያ ግማሽ በታች ነው።

ስለዚህ ልኩን በግምት መተው አይገባም። ነጻ ሆኖ የሚታጠፈው ክፍል 80 ሚሊ ሜትር ይርዘም፣ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍር፣ 20 ሚሊ ሜትር ይስፋ። ጫፉ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ሲሳብ የገጹ መለጠጥ ከ1,000 ሦስት እጅ ያህል ነው፤ ከወሰኑ በብዙ ይርቃል። መካከለኛ ጥንካሬ ባለው እንጨት ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይል ወደ 2 ኪሎ ግራም ይጠጋል፤ ለአውራ ጣት የሚመች፣ በመናወጥ ብቻ ግን የማይላቀቅ። አሁን ያንኑ ምላስ «ያምራል» ብሎ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ያሳጠረው ሰው ምን ይገጥመዋል? ርዝመቱ በግማሽ ሲያጥር የገጹ መለጠጥ አራት እጥፍ ያድጋል። ምላሱ ከ100 አንድ እጅን ያልፋል፤ ይሰበራልም። የእንጨት ምላስ ሠርተው የተሰበረባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱን ይወቅሳሉ፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ እጥረቱ ነው።

በየሚሊ ሜትሩ ሲታይ ውፍረት ደግሞ ከርዝመትም ይብሳል። የምላሱ ግትርነት በውፍረቱ ላይ የሚወሰነው ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የነበረው 5 ቢሆን የሚጠይቀው ኃይል እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል፤ 3 ቢሆን ከግማሽ በታች ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በመላጊያ ጥቂት ጊዜ መሄድ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ምላሱን መጀመሪያ አወፍሮ መሥራት፣ ከዚያ በጣት እየሞከሩ ትንሽ ትንሽ መላግ ያዋጣል። ጣት ለዚህ ከመለኪያ ያላነሰ ዳኛ ነው።

እንዴት ይቆረጣል? በእኔ ምርጫ በመጋዝ አይጀመርም፤ ይፈለጣል። መጋዝ በተሰመረለት መስመር ይሄዳል፣ ቃጫውን አይጠይቅም። በመጥረቢያ ወይም በሰፊ መሮ የተፈለጠ እንጨት ግን ራሱ በቃጫው መስመር ይለያያል፤ ጠማማ ከሆነም ጠማማነቱ ወዲያው ይታያል። ቃጫው በየ5 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ከጎን ከወጣ እንጨቱ ሲታጠፍ የሚኖረው ጥንካሬ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። አንጓ ያለበት ደግሞ ለምላስ ፈጽሞ አይሆንም።

ከተፈለጠው ውስጥ 10 ሚሊ ሜትር የወፈረ ዘንግ ይወጣል። ከግርጌው 30 ሚሊ ሜትር ሙሉ ውፍረቱ ይቆያል፤ ይህ ከሳጥኑ ጋር የሚጣበቀው እግር ነው። ከዚያ በላይ ያለው 80 ሚሊ ሜትር ከውስጥ በኩል ተፍቆ 4 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ጫፉ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ያህል እንደገና ሙሉ ውፍረቱን ይይዛል፤ ጥርሱ እርሱ ነው። እንግዲህ እግርም ምላስም ጥርስም ከአንድ እንጨት ወጡ፤ ቃጫው ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ያልፋል። ወፍራሙና ቀጭኑ የሚገናኙበት ማዕዘን በመሮ ስለት ጥርት ተደርጎ እንዳይተው አደራ እላለሁ። ኃይል በሹል ማዕዘን ላይ ይከማቻል፤ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። በክብ ሞረድ አጎድጉዶ ማለስለስ ይበቃል።

ጥርሱ ላይ ሁለት ገጾች አሉ፣ ሁለቱም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የላይኛው ወደ ውስጥ የተንጋደደ ይሁን፤ ክዳኑ ሲዘጋ ከንፈሯ በዚያ ተዳፋት ላይ ተንሸራታ ምላሱን ወደ ፊት ትገፋውና ታልፋለች፣ ምላሱም ተመልሶ ቀጭ ይላል። የታችኛው ገጽ፣ የሚይዘው ማለት ነው፣ ቀጥ ያለ ከሆነ አንድ ችግር አለ። ከንፈሯ ጥርሱን የምትገፋው ከውስጥ ጠርዙ በኩል ነው፤ ምላሱ ግን የሚይዘው ከውጭ ነው። ይህ መዛነፍ ራሱን ወደ ውጭ ያዘነብለዋል፤ ክዳኑ በኃይል ሲገፋም ምላሱ ሊከፈት ይዳዳዋል። መድኃኒቱ የጥርሱን ጫፍ ከሥሩ ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ የከንፈሯንም የላይ ገጽ በዚያው ልክ ማንጋደድ ነው። ያን ጊዜ ክዳኑ በገፋ ቁጥር ጥርሱ ወደ ሳጥኑ ይሳባል። አምስት ዲግሪ ያህል ይበቃል፤ ከበዛ አውራ ጣት ሊከፍተው ይቸገራል።

እግሩ በኮላ ይጣበቃል፤ የተጣበቀው ስፋት 30 በ20 ሚሊ ሜትር ነው። ኮላው ብቻውን እንዳይታመን ሁለት ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ተበስቶ የወይራ ችንካር ይገባበት።

የእንጨቱ ምርጫ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ለሳጥኑ አካል ዋንዛ የሚመረጠው ቀላል ስለሆነ፣ ለመሮ ስለሚታዘዝና ከደረቀ በኋላ ብዙ ስለማይጣመም ነው። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ለችንካር፣ ለከንፈር፣ የሚፋተግ ነገር ሁሉ ለሚነካው ክፍል ይሆናል። ባሕር ዛፍ በየቦታው ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ቆይቶ በደንብ ካልደረቀ በቀር ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ለምላሱ ደግሞ ቀርከሃን የሚያህል አላውቅም። ቃጫው በሙሉ ከአንጓ እስከ አንጓ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ጎን ለጎን የሚያቋርጠው ነገር የለም፣ ሲፈለጥም ራሱ ልክ ያወጣል። ውፍረቱ ለወፍራም እግርና ለጥርስ ስለማይበቃ እነርሱን ከሌላ እንጨት ሠርቶ ማጣበቅ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዓይነት ተንሸራታቹ ነው፤ የበር መወርወሪያ ታናሽ ወንድም። ምላሱ በክዳኑ ላይ በሁለት ድልድዮች ሥር ይሄድና በሳጥኑ ላይ ወዳለ ቀለበት ይገባል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጠላቱ አየሩ ነው። እንጨት ከደረቀ በኋላም እርጥበት ከአየር ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። የአየሩ እርጥበት 30 በመቶ በሆነ ጊዜ በእንጨቱ ውስጥ የሚቀረው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 6 በመቶ ገደማ ነው፤ አየሩ 80 በመቶ ሲሆን ወደ 16 ይወጣል። በርዝመቱ ይህ ለውጥ አይታወቅም። በስፋቱ ግን ያብጣል፤ በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ ያለው እብጠት ቀለበቶቹን ከሚያቋርጠው አቅጣጫ እጥፍ ገደማ ነው። 60 ሚሊ ሜትር የሰፋ ምላስ ከደረቅ በጋ ወደ ክረምት ሲሻገር አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሊሰፋ ይችላል። በኅዳር ውስጥ ልክ ሆኖ የገባ ምላስ በነሐሴ ተጣብቆ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ጠባብ ምላስ መሥራት ነው። 20 ሚሊ ሜትር የሰፋው የሚያብጠው ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በበጋ የሚሠራ ሰው ይህን ክፍተት ይተው፤ በዝናብ ወቅት የሚሠራ ሰው ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ያስገባው፣ አየሩ ሲደርቅ ራሱ ይላላለታልና። ጎንና ጎኑን በሰም ወይም በጧፍ ቁራጭ ማሸት መንሸራተቱን ያቀልለታል። ምላሱ ተንሸራቶ ወጥቶ እንዳይጠፋም በመካከሉ ረዘም ያለ ቀዳዳ ተቦርቡሮ አንድ ችንካር ይተከልበት።

ሦስተኛው ሽብልቅ ነው፤ በዚህ ደግሞ የጃፓን አናጺዎችን የሚያህል የለም። ባህላዊው የመሣሪያ ሳጥናቸው ማጠፊያም የለው፣ ቁልፍም የለው። በሳጥኑ አፍ ሁለት ጫፎች ላይ አግዳሚ ጣውላዎች ይቸነከራሉ። ክዳኑ ከአንደኛው አግዳሚ ሥር በጥልቀት ይገባል፣ ሌላው ጫፉ ወደ ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተስቦ ከሁለተኛው አግዳሚ ሥር ይገባል። አሁን ሁለቱም ጫፎቹ ተይዘዋል። በክዳኑ ላይ አግድም በተቸነከረው ቁራጭና በአግዳሚው መካከል የቀረው ክፍተት በሽብልቅ ሲሞላ ክዳኑ ወደ መጣበት መመለስ አይችልም። የሚይዘው ሰበቃ ብቻ ነው። የሽብልቁ ተዳፋት በየ8 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደረቅ እንጨት ከደረቅ እንጨት ጋር ያለው ሰበቃ ያለ ችግር ያስቀረዋል፤ በአንድ ለሁለት የተሠራ ግን በመጀመሪያው ንውጠት ተፈናጥሮ ይወጣል። ለተንሸራታቹ ያልነው ሰም እዚህ ክልክል ነው።

ዟሪው መቀርቀሪያ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ በመካከሉ አንድ ሚስማር የተመታበት፣ በገጠር መስኮት ላይ ሁላችንም ያየነው ቁራጭ ነው። ቃጫው በርዝመቱ ይሂድ፤ የታችኛው ገጹ ጫፉ ላይ ትንሽ ይላግ፣ ሲዞር ክዳኑን ወደ ታች ይጭነዋልና። በራሱ ክብደት የሚወድቀው መቀርቀሪያ ደግሞ ለበር ያምራል፤ ለሚገለበጥ ሳጥን ግን አይታመንም።

ሥራው ሲያልቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልስና የተልባ ዘይት ይቀባ። የተልባ ዘይት በአየር ይደርቃል፣ እርጥበትንም ያዘገያል። ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጨባብጦ ጥግ ላይ አይጣል፤ እየደረቀ ሲሄድ ሙቀት ያመነጫል፣ ታምቆ ከቆየም ያለ ክብሪት ሊቃጠል ይችላል። ተዘርግቶ ይሰጣ።

መሞከሪያው ይህ ነው። ሳጥኑ ሊይዘው የታሰበው መሣሪያ ሁሉ ይሙላበት፣ ይዘጋ፣ ከሥሩ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ይገልበጥና ይናጥ። ጥርሱ ከተላቀቀ የታችኛውን ገጽ ይመልከቱት፤ ምላሱ ከተጣመመ ውፍረቱን። ከተፈለጠው እንጨትም መጀመሪያውኑ ሁለት ምላስ በአንድ ልክ ይውጣ፤ አንዱ ሳጥኑ ላይ ይጣበቅ፣ ሌላው በውስጡ ከመሮዎቹ ጋር ይቀመጥ።